ድንቢጥን ማን ይቁጠራት?

ወፍ ለማየት ማኅበር ለምን ያስፈልጋል? ወፍ ያለችው ሰማይ ላይ ነው፤ ሰማይ ደግሞ የመግቢያ ትኬት አይጠይቅም። ቀና ማለት ይበቃል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን ብቻውን ሆኖ ብርቅ ወፍ አይቶ የማያውቅ ነው። ብቻውን ያየ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላም የለውም። ማን ያምነዋል? ከዚያም በላይ፣ ማን ይቀናበታል? ወፍ የማየት ደስታ ሙሉ የሚሆነው አጠገብህ የቆመው ሰው አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር፣ ወፏ እሱ ሳያያት ብድግ ብላ ስትሄድ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው ለዚህ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ማኅተሙና በየዓመቱ የሚሻሻለው መተዳደሪያ ደንብ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

የደንባችን አንቀጽ ሁለት ዓላማችን «አእዋፍን መመልከት፣ ማጥናትና መንከባከብ» እንደሆነ ይናገራል። በመመልከቱ ማንም አይታማም። ማጥናቱ የሚካሄደው በክርክር ነው። እንክብካቤው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ከሚባለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር ስለሚወድቅና እዚያ ስንደርስ ሁሉም ቦርሳውን ስለሚያነሣ እስከ አሁን በሰፊው አልተወያየንበትም።

በእኛ ዘንድ ሰው የሚከበረው በዕድሜው አይደለም፤ በትምህርቱም አይደለም፤ በዝርዝሩ ነው። እያንዳንዱ አባል በሕይወቱ ያያቸውን የወፍ ዝርያዎች የመዘገበበት ደብተር አለው። ሁለት አባላት ሲገናኙ የጤናው ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ያልቅና «ስንት ደረሱ?» ይከተላል። ሦስት መቶ የደረሰ ሰው ሁለት መቶ ላይ ያለውን ሲያነጋግር ድምፁ ውስጥ ርኅራኄ አለ። አራት መቶ ያለፈ ሰው ቁጥሩን ራሱ አይናገርም፤ ሌላ ሰው እንዲናገርለት ይጠብቃል፤ የሚናገርለት ከጠፋም ይስላል። በዓለም ላይ ከ10,000 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ስላሉ ፉክክሩ ማለቂያ የለውም፤ የሚያልቀው ገንዘቡ ነው።

የሁላችንም ጀግና ፊቢ ስኔትሲንገር የተባለች አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 ሐኪሞች ካንሰሯ እንደማይድንና የቀራት ጊዜ አጭር እንደሆነ ነገሯት። እሷ ግን አልጋ ላይ ከመዋል ዓለምን እየዞሩ ወፍ ማየትን መረጠች፤ ከ8,000 በላይ ዝርያዎች አይታም በዘመኗ የሚደርስባት ጠፋ። የሞተችው በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ ወፍ ፍለጋ ላይ ሳለች ነው፤ የገደላትም ካንሰሩ ሳይሆን የመኪና አደጋ ነበር። ይህን ታሪክ አባሎቻችን እንደ ገድል ይተርኩታል። አንድ ቀን ያንን ግዙፍ የካሜራ ሌንስ ተሸክሞ የሚዞረው ጓደኛችን «እኔም ሐኪም የቀረህ ጊዜ ይህ ነው ቢለኝ ቤቴ አልቀመጥም ነበር» ብሎ ሲተክዝ ባለቤቱ ሰማችው። «ሐኪም ምንም ሳይልህስ መቼ ተቀምጠህ ታውቃለህ?» አለችው።

ቅዳሜ ወፍ ሳይንጫጫ እንገናኛለን። ቀጠሮው የወፎቹ ሰዓት ስለሆነ ማርፈድ አይፈቀድም፤ የሚያረፍዱት ሁልጊዜ ሊቀመንበሩ ናቸው። ጉዞው ሲጀመር ዝምታ ይታወጃል። ዝምታውን የሚያውጁት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የማኅበሩ አንጋፋ ሲሆኑ፣ ስለ ዝምታ ጥቅም የሚሰጡት ማብራሪያ ረዘም ስለሚል በአካባቢው ያለ ላባ የለበሰ ፍጥረት ሁሉ ይሰማዋል።

ከዚያ አንዱ ድንገት ቀጥ ይላል። እጁን ያነሣል። ሁላችንም እንቆማለን።

«አየኋት!»

«የት?»

«እዚያ፣ ዛፉ ላይ።»

የቆምነው ጫካ ውስጥ ነው።

«የትኛው ዛፍ?»

«ቅጠል ያለው።»

ሊቀመንበሩ ሥርዓት ለማስያዝ ጣልቃ ይገባሉ። «ተረጋጉ። ዛፉን የግድግዳ ሰዓት ነው ብላችሁ አስቡት። አሥራ ሁለት ቁጥር ጫፉ ላይ ነው። ወፏ አራት ቁጥር ላይ ናት።» አንዱ «ሰዓቱ ገብቶኛል፤ ዛፉ ግን የቱ ነው?» ይላል። ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ያሰረው ወጣት የራሱን ክንድ እያየ ዝም ይላል። «ከተሰበረው ቅርንጫፍ ከፍ ትሉና፣ ሁለተኛው ባላ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ...» ይቀጥላል የመጀመሪያው ሰው። አንድ በአንድ «አገኘኋት!»፣ «አዎ፣ አዎ!»፣ «እንዴት ታምራለች!» የሚሉ ድምፆች ይሰማሉ። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ያየው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። አንዳንዱ «አየሁ» የሚለው አጠገቡ ያለው ሰው አገጩን ይዞ ወደ ዛፉ ማዞሩን እንዲተውለት እንደሆነ እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም። ወፏማ የሄደችው «ቅጠል ያለው» የተባለ ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ በዚሁ ዝምታ መካከል ከቁጥቋጦው በኩል ጥርት ያለ ዝማሬ ተሰማ። ሦስት ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ከደጋ የወረደች ናት» አሉ። ባለ ሌንሱ የዝርያዋን ስም ሹክ አለን። ጥቂቶች ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ዝማሬው ምንም ሳይጎድል ምንም ሳይጨመርበት ተደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ገንዘብ ያዣችን ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ አሉና ኪሳቸውን እየዳበሱ «ሃሎ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ። ከጻፉት ሰዎች መካከል የሰረዘ አለ ብዬ አላምንም።

ትልቁ ጠብ የሚነሣው ግን ትንሽ፣ ቡናማ፣ ይህ ነው የሚባል ምልክት የሌላት ወፍ ስትመጣ ነው። በመለያ መጽሐፉ ውስጥ ወፎች ሁሉ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ፎቶ ቤት እንደገባ ሙሽራ ቀጥ ብለው ነው የሚገኙት። የጫካዋ ወፍ ግን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግማሽ አካሏን በቅጠል ሸፍና፣ ፀሐዩን ከኋላዋ አድርጋ ትቀመጣለች። በእንዲህ ያለች ወፍ የተነሣ ጋሼና ሌላው አንጋፋ አባላችን ተለያዩ። ጋሼ በቅንድቧ ላይ ነጭ መስመር አለ አሉ። ሌላኛው መስመር ያሉት የፀሐይ ነጸብራቅ ነው አሉ። ጋሼ እግሯ ገረጣ ያለ ነው አሉ፤ ሌላኛው እግር የሚባል ነገር ጨርሶ አልታየም አሉ። ወፏ በዚህ መሀል ላባዋን አበጣጥራ፣ አንድ ትል በልታ ሄደች። ክርክሩ አልሄደም። ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በአንድ መኪና ስለማይሳፈሩ ማኅበሩ ጉዞ በወጣ ቁጥር አንድ ተጨማሪ መኪና ይከራያል። በገንዘብ ያዡ ሪፖርት ላይ ወጪው «ለዝርያ ልየታ» በሚል ርእስ ተመዝግቧል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ዓለም ላይ ከዚያም ባነሰ ማስረጃ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጥናት ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ተጨፍልቆ የሞተ ወፍ አገኙ። በምሽት ወጥተው ነፍሳት ከሚያድኑት ወፎች ወገን ነው። ተነሥቶ ለመያዝ የበቃው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ክንፉ ከሌሎች ጋር ተመሳከረ፤ ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ያንኑ ብቸኛ ክንፍ የሚያነሣ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቀረውን አካሉን በሕይወት ለማየት ባትሪ ይዘው በጨለማ የሚንከራተቱ ሰዎች አልጠፉም። ጋሼ ይህን ታሪክ በጣም ይወዱታል። «ለእነሱ አንድ ክንፍ ከበቃቸው ለእኔ ቅንድብ ምን አነሰኝ?» ይላሉ።

ባለ ሌንሱ ጓደኛችን ክርክር ውስጥ አይገባም፤ እሱ ማስረጃ ሰብሳቢ ነው። ወፉ ሩቅ ከሆነ ስልኩን አውጥቶ የዚያኑ ዝርያ የተቀዳ ድምፅ ይለቅለታል። ወንዱ ወፍ ሌላ ወንድ ግዛቱን የደፈረበት ይመስለውና እየተንደረደረ ይመጣል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ጠላቱን ይፈልጋል፤ ይጮኻል፤ ላባውን ይነፋል። ለጫጩቶቹ ምግብ ሊያመላልስበት የነበረው ጊዜና ጉልበት በሌለ ባላጋራ ላይ ያልቃል። ፎቶው ግን ግሩም ነው። ባለ ሌንሱ ከሥሩ «ማለዳን በደስታ የሚቀበል ወፍ» ብሎ ይጽፍበታል፤ እኛም ልብ እንልክለታለን።

ወፍን የመጠበቅ ነገር ማኅበር የወጣለት በባርኔጣ ምክንያት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የወይዛዝርት ባርኔጣ በላባ፣ አንዳንዴም በሙሉ ወፍ ይጌጥ ነበር። ላባው እጅግ የሚያምረው በመራቢያ ወቅት ስለሆነ ወፎቹ ጎጆአቸው ላይ እንዳሉ እየተገደሉ ይገፈፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤሚሊ ዊሊያምሰን የተባለች እንግሊዛዊት ማንችስተር ውስጥ ሴቶችን አስተባብራ ማኅበር አቋቋመች፤ ዛሬ በብሪታንያ ትልቁ የወፍ ጥበቃ ድርጅት የበቀለው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ደንባቸው አጭር ነበር፤ አባላት ለምግብ ካልተገደለ ወፍ የተወሰደ ላባ አያደርጉም፤ ሰጎን ብቻ ሲቀር። ላባ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ በብሪታንያ የወጣው በ1921 ሲሆን፣ እነዚያ ሴቶች 32 ዓመት ሙሉ ባዶ ባርኔጣ አድርገው ጠበቁት ማለት ነው።

እኔን የማረከኝ ሰጎኑ ነው። ሰጎን ሳይገደል ላባውን መውሰድ ስለሚቻል ነው የተለየው፤ ይህ ይገባኛል። ይሁንና ያን የመሰለ ቆራጥ ደንብ ሲረቀቅ አንዲት የተከበሩ እመቤት የሰጎን ላባ የተሰካበት ባርኔጣቸውን አድርገው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። በየትኛውም ማኅበር ደንብ ውስጥ አንድ ሰጎን አይጠፋም። የእኛ ሰጎን ድመት ናት።

ድመት ወፍ መብላቷ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያስደነግጠው ብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ብቻ ውጭ የሚዞሩ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎችን እንደሚገድሉ ገምቷል። አንዲት ወጣት አባላችን ይህን ቁጥር ይዛ ተነሣችና «አባላት በሙሉ ድመቶቻቸውን ቤት ውስጥ ያቆዩ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ፤ የሊቀመንበሩን ድመት የማያውቅ የለማ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጥናቱ የተደረገው አሜሪካ ነው» አሉ። አስከትለውም የእሳቸው ድመት በተፈጥሮዋ ሰላማዊ እንደሆነች፣ በረንዳቸው ላይ አልፎ አልፎ የሚገኘው ላባ ከየት እንደሚመጣም እየተጣራ መሆኑን ገለጹ። ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ። ንዑስ ኮሚቴው የተሰበሰበው ሊቀመንበሩ ቤት ነው። ድመቷ የሰብሳቢው ጭን ላይ ተኝታ ውይይቱን እስከ መጨረሻው ተከታትላለች፤ ተቃውሞም አላሰማችም።

የጎጆ ሳጥኑን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ለድንቢጥ የሚሰቀል ሳጥን 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበቃዋል። የእኛ ኮሚቴ ቀዳዳውን ትቶ ሳጥኑ ላይ የሚሣለው የማኅበሩ ዓርማ ምን ያህል ይስፋ በሚለው ላይ ሲከራከር ወቅቱ አለፈ። በመጨረሻ በተሰቀሉት ሳጥኖች ውስጥ ንብ ገባባቸው። በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «ሳጥኖቹ በሙሉ ነዋሪ አግኝተዋል» ተብሎ ተጽፏል።

አባላቱ በእውነት አንድ ልብ የምንሆነው እንግዳ ወፍ ሲመጣ ነው። ነፋስ ከመንገዷ ያስወጣት፣ ረሃብና ድካም ያንገላታት አንዲት ወፍ ከረግረጉ ዳር ታርፋለች፤ በዚያው ቅጽበት ስልኮቻችን ሁሉ ይንጫጫሉ። ሠርግ ላይ ያለ ሠርጉን ትቶ ይነሣል፤ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘ ወረፋውን ይለቃል፤ ለመሥሪያ ቤቱ ድንገት ጉንፋን የያዘው አባል ደግሞ ቡት ጫማውን ያጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ረጅም ምንቃር ያለው የባሕር ዳር ወፍ፣ ከተፈለፈለ ገና አምስት ወሩ፣ ከአላስካ ተነሥቶ እስከ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ መብረሩ ከተገጠመለት የሳተላይት መከታተያ ታውቋል። ምግብ የለ፣ ውሃ የለ፣ ማረፊያ የለ። እንዲህ ያለ መንገደኛ እኛ ዘንድ ቢያርፍ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው። በጨዋ ርቀት ላይ እንከበዋለን። ቀጥሎ ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ ትንሽ ጠጋ እንዲሉ እንፈቅድላቸዋለን። ጋሼ ከተጠጉ እኛ ለምን እንቀራለን? ከዚያ ሌንሱ ይመጣል። ወፉ ይነሣና መቶ ሜትር ርቆ ያርፋል፤ እኛም መቶ ሜትር እንከተላለን። እንደገና ይነሣል። «እንዴት ያለ ንቁ ወፍ ነው!» እንባባላለን።

አርፍዶ የደረሰ ሰው እዚህ ላይ የሚጠብቀውን ቅጣት ለጠላትም አልመኘው። ላብ በላብ ሆኖ፣ መነጽሩን እያስተካከለ ሲመጣ አንድ አባል ትከሻውን መታ ያደርገውና በሐዘን ድምፅ «ምነው አምስት ደቂቃ ብትቀድም» ይለዋል። ሐዘኑ ድምፅ ላይ ብቻ ነው። ከአንገት በላይ የሆነ ሐዘን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው የእኛን አባላት በዚያች ሰዓት ይይ።

በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ የሌሉት እትዬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ረግረጉን ይዞሩታል። መነጽራቸው ያረጀ ነው፤ የአንዱ ዓይን መስታወት ተሰንጥቋል። ደብተራቸው ላይ የሚገኘው ይህ ነው፤ «ድንቢጥ 41። ዋኔ 9። ቁራ 6። ዳክዬ 17። አሞራ 3።» ገጹን ስትገልጡ ደግሞ «ድንቢጥ 38። ዋኔ 9። ቁራ 7።» እያለ ይሄዳል። የሚያሳዝን ንባብ ነው። ባለ ሌንሱ አንድ ቀን አላስችል ብሎት «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንቢጥ ምኗ ይቆጠራል?» አላቸው። «ልጄ፣ አንተ የምታሳድዳትን ወፍ አገር ሙሉ ይቆጥርልሃል» አሉት፤ «ይቺን ማን ይቁጠራት?»

የእትዬ ነገር የገባኝ በጥንብ አንሳ ነው። በሕንድ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጥንብ አንሳ እንደ አሸዋ ነበር፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ቪቡ ፕራካሽ የተባለ ተመራማሪ በዚያ ዘመን ኬኦላዴኦ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ቆጥሯቸው ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሶ ሲቆጥር ብዙዎቹ ጎጆዎች ባዶ ሆነው፣ ወፎቹም አንገታቸውን ደፍተው ቅርንጫፍ ላይ እንዳሉ ሲሞቱ አገኛቸው። አንዱ ዝርያ፣ ባለ ነጭ ወገቡ፣ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከመቶው ከ99 በላይ አለቀ። ገዳዩ የታወቀው በ2003 እና በ2004 ነው፤ ለታመሙ ከብቶች የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። አስቀድሞ የተቆጠረ ባይኖር ኖሮ ከምን ጋር ይመሳከር ነበር? «ዱሮ ብዙ ነበሩ መሰለኝ» ተብሎ መድኃኒት አይታገድም። በእኛ ማኅበር ውስጥ፣ በነገራችን ላይ፣ በቲሸርቱ ላይ ጥንብ አንሳ ያሳተመ አንድም አባል የለም።

ሌላውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የገና ዕለት ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ሰዎች በበዓሉ ቀን ወፍ ገድሎ በብዛት የሚፎካከሩበትን ልማድ በቆጠራ እንዲተኩት ጠራቸው። የመጡለት 27 ሰዎች ነበሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በ2019 ሳይንቲስቶች ይህንና ሌሎች የበጎ ፈቃደኞች ቆጠራዎችን አሰባስበው ሲያሰሉ ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎችን ማጣቷን አገኙ። ከጠፉት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ደግሞ እንደ ድንቢጥ ያሉ፣ ማንም ሠርግ ትቶ የማይሄድላቸው ተራ ወፎች ናቸው።

እኛም በዓመት አንድ ቀን እንቆጥራለን። በዚያን ዕለት የወፍ መንጋ ከረግረጉ ላይ ብድግ ሲል ደንቡ ይህ ነው፤ በዓይንህ አሥር ለይ፣ ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ተመልከት፣ በዚያ መጠን መንጋውን ሸንሽን፣ አባዛ። ጋሼ ስምንት መቶ አሉ። ባላንጣቸው ወዲያው አምስት መቶ አሉ፤ ጋሼ አምስት መቶ ብለው ቢሆን ኖሮ ስምንት መቶ ይሉ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ወፎቹ አድማስ ላይ ሲደርሱ ድርድሩ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ ተቋጨ። እትዬ «አምስት መቶ ሰባ» ብለው ጽፈው ደብተሩን ዘግተው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ረግረጉን ደፍኖ መኪና ማቆሚያ የማድረግ ሐሳብ እንዳለ ተሰማ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቃወመ፤ አቋማችንን ለሚመለከተው ቢሮ የሚያቀርብ ልዑክም ተመረጠ። ሊቀመንበሩ ባለ ሌንሱ ያነሣውን የእንግዳዋን ወፍ ፎቶ በትልቁ አሳትመው፣ በክፈፍ አስገብተው፣ በሁለት ሰው አሸክመው ገቡ። ባለሥልጣኑ ፎቶውን አደነቁ።

«ይህች ወፍ አሁን ረግረጉ ላይ አለች?»

«ሄዳለች» አሉ ሊቀመንበሩ።

«መቼ ትመለሳለች?»

«እንግዲህ... መንገድ ጠፍቷት ነበር የመጣችው።»

«መንገድ ከጠፋባት የእኛ የመኪና ማቆሚያ ምን በደላት?»

ሊቀመንበሩ ስለ ውበት መናገር ጀመሩ። ባለሥልጣኑ ሰዓታቸውን አዩ። ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩት እትዬ ያኔ ተነሥተው በላስቲክ የታሰሩ ደብተሮቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ አንዲትም ቃል አልተናገሩም። ባለሥልጣኑ ከጨዋነት የተነሣ አንዱን ገለጡ። ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ዳክዬ። ሌላውን ገለጡ። ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ዳክዬ። የቢሮ ሰው የቁጥር ሰንጠረዥ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየው ሰላም በፊታቸው ላይ ታየ። «እዚህ ላይ ዳክዬው ለምን በግማሽ ቀነሰ?» ብለው በጣታቸው አመለከቱ።

«ከላይ ቦዩ የተቆፈረ ዓመት ነው» አሉ እትዬ። «ውሃው ሲቀንስ ሄዱ። የዚያኑ ዓመት ክረምት ታችኛው ሰፈር ጎርፍ ገባ። ቀኑን ከጎን ጽፌዋለሁ።»

ባለሥልጣኑ ጎርፉን ያስታውሱት ነበር፤ ቤታቸው ታችኛው ሰፈር ነው። ፋይሉ «ለተጨማሪ ጥናት» ተመራ። ለተጨማሪ ጥናት የተመራ ፋይል ምን እንደሚሆን ቢሮ ረግጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ፋይል ሲተኛ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ በመውጫው ላይ ክፈፉን ይዘው ፎቶ ተነሡ። እትዬም ከኋላቸው በከፊል ይታያሉ።

በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ለእትዬ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። ጋሼ ተነሥተው ድሮም ቢሆን ተራ ወፍ መቆጠር እንዳለበት ሲናገሩ እንደኖሩ አስታወሱ፤ ባላንጣቸው ግን ይህን ሲናገሩ ሰምተው እንደማያውቁ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ ጠየቁ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ መንገድ ተረክቦ በየሳምንቱ ድንቢጥ፣ ዋኔና ቁራ እንዲቆጥር ሐሳብ ቀረበ። ጭብጨባው ደመቀ። መንገዶቹ ሲከፋፈሉ ሁሉም ባለፈው እንግዳዋ ወፍ የታየችበትን መንገድ ስለፈለገው ክፍፍሉ በዕጣ እንዲሆን ተወሰነ። ጸሐፊው ዕጣውን ጠቅልሎ ሳህን ላይ እያደረገ ሳለ አንድ ስልክ ጮኸ። ሌላ ስልክ ተከተለ። ከዚያ የሁሉም።

ወንበር ተንኳኳ፤ ሳህኑ ተገለበጠ፤ ጋሼና ባላንጣቸው በአንድ በር እኩል ለመውጣት ሲታገሉ ተጣበቁ። ጸሐፊው ባዶውን አዳራሽ ዞሮ አየና «ምልአተ ጉባኤው ስላልተሟላ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብሎ ጻፈ፤ ብዕሩን ሳይከድን እሱም ተነሥቶ ሮጠ። እኔ ደጅ ስደርስ ከሁሉም ቀድመው የመጀመሪያው መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት እትዬ ነበሩ። የተሰነጠቀውን መነጽር አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ደብተሮቹን የት እንዳኖሯቸው ጠየቅኋቸው።

«ግባና በሩን ዝጋው!» አሉኝ። «ድንቢጥ እንደሆን የትም አትሄድ፤ ሰኞ እቆጥራታለሁ።»